በአንተነህ ክንድ ልክ

የሒሳብ አስተማሪያችን ያረፉ ሰሞን የክፍላችን ልጆች ሁሉ ክንዳችን ላይ ጥቁር ጥብጣብ አሰርን። ጥብጣቡን ያገኘነው ከመናኸሪያው ጀርባ ከተደረደሩት ልብስ ሰፊዎች ለምነን ነው፤ የገበርዲን ቁራጭ ነው። እኔ የራሴን በመርፌ ቁልፍ አያይዤ፣ ከቀብር መልስ ቤት ስገባ፣ አባባ እንደ ወትሯቸው በረንዳው ላይ ተቀምጠው የአላፊ አግዳሚውን ልብስ ያነቡ ነበር። «ያነቡ ነበር» ስል የምሬን ነው። አባባ የእናቴ አባት ናቸው። በወጣትነታቸው ወታደር ስለነበሩ ፍኖተ ሰላም እስከ ዛሬ «አስር አለቃ» እያለ ነው የሚጠራቸው፤ እሳቸውም መለያ የለበሰ ሰው በፊታቸው ካለፈ ከትከሻው እስከ ጫማው ሳይመረምሩ አይለቁትም። አንዴ የባንክ ዘበኛ አይተው፣ «ትከሻው ላይ ማሰሪያ ሰፍተውለታል፤ ከማሰሪያው ሥር የሚያልፍ ቀበቶ ግን የለውም። ይሄ ምን ማለት ነው ቤዛ? በር ሠርተው ቤቱን ረስተውታል ማለት ነው» ብለው ለሳምንት አስቀውኛል።

የዚያን ቀን ግን የእኔን ክንድ አይተው ጨዋታውን ተዉት።

«ማን ሞተባችሁ?»

«አስተማሪያችን፣ አባባ።»

«ነፍስ ይማር» አሉና ጥብጣቡን በአንድ ጣታቸው ነካ አደረጉት፤ የጋለ ነገር እንደሚነካ ሰው ጣታቸውን ቶሎ መለሱ። «ይሄንን አንዲት እናት ሹመት ነው ብለው ደስ ብሏቸው ያውቃል።» እኔ ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም። በርጩማ አምጥቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ፤ ባጃጆቹ መብራት እስኪያበሩ ድረስም አልተነሳሁም። ከዚህ በታች ያለው የሳቸው ቃል ነው፤ የእኔ ድርሻ ሳል ሲይዛቸው የተቋረጠውን መቀጠል ብቻ ነው።

ያኔ ጦርነቱ ሰሜን ነበር። ዓመተ ምሕረቱን ተይው፤ እኛ ዘመኑን የምናውቀው በሌላ ነገር ነው። ሻይ በአስር ሳንቲም የሚጠጣበት፣ የጎረምሳ ሱሪ ከታች እንደ ደወል ሰፍቶ መንገድ የሚጠርግበት ጊዜ ነበር። ቡሬ ላይ የነቀምቴው መንገድ ከሚገነጠልበት ጥግ አንዲት ሻይ ቤት ነበረች። ቴፕ ሪከርደሯ የዳንቴል ልብስ ለብሳ መደርደሪያ ላይ ትቀመጣለች፤ ባለቤቱ ማሲንቆ የሌለበትን ዘፈን አያስከፍትም። የኮንጎ ጫማ ላዩን በኩበት አመድ ወልውለን እዚያ በር ላይ እንቆም ነበር፣ ሴቶቹ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ እንዲያዩን። እኔ የቡሬ ልጅ ነኝ። አንተነህ ደግሞ ከጅጋ ገባ ብሎ ካለ መንደር ነው። የተገናኘነው ለውትድርና ስንመዘገብ፣ አንድ ወረፋ ላይ ነው፤ ከዚያ በኋላ የተለያየንበት ቀን የለም። እሱ ክንደ ወፍራም፣ ሳቁ ከሩቅ የሚሰማ፣ ሲበላ የሚያዜም ልጅ ነበር። የምን ዜማ እንደሆነ እሱም አያውቀው።

ማሠልጠኛ ሳለን አንድ ሃምሳ አለቃ ነበሩ፣ ሪዛቸው እንደ በሬ ቀንድ ወደ ላይ የዞረ። ሁልጊዜ፣ «ልብስህን ካላወቅኸው ልብሱ ነው አንተን የለበሰህ!» ብለው ይጮሁብናል። ከዚያ ሰልፉ መሀል አንዱን ያስወጡና ከአንገቱ ጀምረው ዕቃ ዕቃውን ይጠይቁታል። ይሄ ለምን ተሰፋ? ከየት መጣ? ያላወቀ ሜዳውን ይዞራል። አንተነህ ሩጫ ስለሚጠላ ሁሉንም ሸመደደ፤ እኔንም በግድ አስሸመደደኝ። ያ ትምህርት አንድ ቀን ለምን እንደሚያገለግለኝ ያኔ ማን ያውቃል?

እንግዲህ አንተነህ ሞተ። እንዴት እንደሞተ ለልጅ አልነግርም። እዚያው፣ ድንጋይ ከምረን ቀበርነው። የመቶ መሪያችን ከተቀደደ ጥቁር ሸራ እየቆረጡ በየክንዳችን እንድናስር ፈቀዱ፤ ይህም ሃምሳ አለቃው ካስተማሩን አንዱ ነበር፣ ለወደቀ ጓድ የሚደረግ ምልክት። ከጓዙ ውስጥ የተረፈው የሰልፍ ኮቱ ብቻ ነው። እሱን አጥፈው በሸራ ቦርሳ ከተቱና፣ «አንተ አገሩን ታውቃለህ፣ ለቤተሰቡ አድርስ» ተብዬ ፈቃድ ተሰጠኝ።

በጭነት መኪና ባሕር ዳርን አልፌ፣ ዳንግላን አልፌ፣ እንጅባራን አልፌ መጣሁ። ቡሬ ላይ መኪናው ቆሞ ሰዎች ወረዱ፤ እኔ አልወረድሁም። የእናቴ ቤት የቆርቆሮ ጫፍ ከባሕር ዛፎቹ በላይ ይታየኛል። የዚያች የሻይ ቤት ዘፈን እንኳ ይሰማኛል። ግን መርዶ ይዤ እንዴት እልል ይባልልኝ? ቆቤን ዓይኔ ላይ ደፍቼ የተኛሁ መሰልሁ።

ጅጋ ስደርስ የገበያ ቀን ነበር። የዛሬዋን ጅጋ አታስቢ፤ የስልክ ካርድ የለ፣ የፕላስቲክ ወንበር የለ። ገበያው ከአህያ ጩኸትና ከጨው አሞሌ ሻጭ ክርክር ሌላ ድምፅ የለውም። የአንተነህን አጎት፣ አያ ካሴን፣ ጠይቄ አገኘኋቸው። አባቱ ቀደም ብሎ ሞቷልና የነገሩ ባለቤት እሳቸው ናቸው። ከእህል በረንዳው ጀርባ ወስጄ ነገርኋቸው። ጋቢያቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ነከሱት እንጂ አላለቀሱም።

«ስማኝ» አሉኝ፣ «መርዶ ጎህ ሲቀድ ነው የሚነገር። እናቱ አሁን እዚሁ ገበያ ውስጥ ጌሾ እየሸጠች ነው። ከሱ ሌላ ልጅ የላትም። ብቻዋን፣ ቆማ፣ በሰው መሀል ብትሰማ ልቧ ቀጥ ይላል። ነገ ማለዳ ሽማግሌ ይዤ እሄዳለሁ፣ የሚደግፏት ሴቶችም ይኖራሉ። አንተ ዛሬ እኔ ዘንድ ታድራለህ። እስከዚያ ካፍህ አንዲት ነገር እንዳትወጣ።»

እሺ ብዬ አልጨረስሁም፣ ከኋላዬ አንድ እጅ ክንዴን ያዘኝ።

«ይሄ የልጄ ልብስ ነው! እንዲህ ያለውን ለብሶ የተነሳውን ፎቶ ልኮልኛል። አንተ ማነህ? አንተነህን ታውቀዋለህ?»

እትዬ የሽመቤት እሳቸው ናቸው። ቀጭን፣ ጥርሰ ፍንጭት፣ እጃቸው በጌሾ የጠቆረ።

«አውቀዋለሁ፣ እናቴ።»

«ደህና ነው?»

አያ ካሴ ፈጥነው ገቡ። «እንግዳ ገበያ ላይ ገትረሽ ትመረምሪያለሽ እንዴ? ልጁ ውኃ እንኳ አልቀመሰም፤ እኔ ዘንድ ይረፍ።»

«ካሴ፣ ያንተ ቤት ትኋን ከወታደር ጋር ይታኮሳል!» አሏቸው፤ ጌሾ ሻጮቹ ሁሉ በሳቅ ፈነዱ። «የልጄን ልብስ የለበሰ ልጅ ሌላ ቤት አያድርም። በቃ!»

አያ ካሴ አዩኝ፣ እኔም አየኋቸው። ምን ይባላል? እምቢ ብል ይጠረጥራሉ። ሄድሁ።

ቦርሳውን አንስቼ ልሸከም ስል እትዬ የሽመቤት ነጠቁኝ። «እንግዳ አይሸከምም» አሉ። «ኧረ እኔው ልያዘው፣ እባክዎ» ብዬ ብለምን፣ ብታገልም አልለቀቁኝም። በነጠላቸው ጀርባቸው ላይ አሰሩት። «ቀላል ነው እኮ! ጨርቅ ብቻ ነው እንዴ የያዝህ?» አሉኝ። ያን ሁሉ መንገድ ከኋላቸው እየተከተልሁ ያንን ቦርሳ ሳይ ሄድሁ። ዳገቱ ላይ ሲደርሱ ልጅ እንዳዘለች ሴት ወደ ላይ ከፍ ከፍ ያደርጉታል። እኔ ብቻ ነኝ በዚያ መንገድ ላይ ምን እንደተሸከሙ የማውቅ።

አባባ እዚህ ላይ ውኃ አምጪልኝ አሉኝ። ሳመጣላቸው ብርጭቆውን ይዘው ሳይጠጡ አንድ የትምህርት ቤት ጥበቃ በብስክሌት ሲያልፍ በዓይናቸው ሸኙት። እንደ ሌላው ቀን ስለ ልብሱ አንድ ነገር ይላሉ ብዬ ጠበቅኩ። እሳቸው ግን ጠጥተው ቀጠሉ።

ቤታቸው ስንደርስ ፀሐይዋ ገና ነበረች። ደጃፍ ላይ ካለው መደብ አስቀመጡኝ፤ ጎረቤታቸውም የወታደር ወሬ ሰምታ እንዝርቷን እያሾረች መጣች። ያን ጊዜ ነው ጭንቅ የጀመረኝ። ስለ አንተነህ ሲጠይቁኝ ምን ልበል? «በላ?»፣ «ከሳ?»፣ «ጠጅ ይጠጣ ጀመር ወይ?» እያሉ ያዋክቡኛል። እንደ እግዜር ፈቃድ እጃቸው ትከሻዬ ላይ አረፈና፣ «ይሄ ማሰሪያ ምን ያደርጋል?» አሉኝ። ሰመጥሁ ስል ገመድ ያገኘሁ መሰለኝ። የሃምሳ አለቃውን ትምህርት ጀመርሁ፤ እንዲመሽልኝ፣ እንዲነጋልኝ፣ ነገሩን እያስረዘምሁ።

«ይህ የትከሻ ማሰሪያ ይባላል። ድሮ ወታደሩ የስንቅ ቦርሳውን ቀበቶ በዚህ ሥር ያሳልፈው ነበር፣ እንዳይንሸራተት። ኋላ ማዕረግ ማሳያ ሆነ።»

«ስንቅ መያዣ! ብልሃት ነው። ይሄ እጅጌው ላይ ያለው አዝራርስ? የሚቆለፍበት ቀዳዳ እንኳ የለው።»

«እሱማ፣ በፈረንጅ አገር አንድ ንጉሥ ወታደሮቹ አፍንጫቸውን በእጅጌያቸው ሲጠርጉ አይቶ ተናደደና አዝራር ስፉበት አለ ይባላል፣ ሲጠርጉ እንዲቧጭራቸው።»

ጎረቤቲቱ እንዝርቷን ጣለች። «የሽመቤት! ለአንተነህ ነዋ የተሰፋ! ያ ልጅሽ እጅጌው እስኪደርቅ ድረስ…»

«ዝም በይ አንቺ! ያንቺው ልጅ በእጅጌም አይጠርገው ነበር!» አሏትና እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ቤዛ፣ ሳቅሁ እኮ።

የአንገቱን አዝራር አዩ። «አንበሳ አለበት ይሉ ነበር፤ ይሄ አንበሳ አይደለም።»

«ተቀየረ እናቴ፣ ሌላ ምልክት መጣ።»

«አንበሳም ይሻራል?» አሉና በሐዘኔታ ራሳቸውን ነቀነቁ። ክንዴ ላይ ያሉትን ሁለት ሰያፍ ጥብጣቦች፣ የአስር አለቃነቴን፣ ነካኩ። እንደ ጎጆ ወራጅ የተገናኙት ከዚያው ከቤት ጣራ ተወስደው ነው ይባላል፣ ቤት ያለው፣ ሰው የሚያስጠልል ማለት ነው አልኋቸው። ሃምሳ አለቃው እንደዚያ ብለውናል፤ እውነት ይሁን አይሁን አላውቅም። «አንተነህስ ስንት ጣራ አለው?» «አንድ።» «አንድ ይበቃዋል፤ ለሚስት የሚሆነውን እኔ እሠራለታለሁ።» ደረቴ ላይ የሚያልፈውን ቀጭን ገመድ ጠየቁ፤ አንዱ የመድፍ ቃታ መሳቢያ ነበረ ይላል፣ ሌላው የፈረስ ማሰሪያ ነበረ ይላል አልሁ። «ፈረስ ይሁን፤ መድፉን ተወው» አሉ።

ነገር አለቀብኝ። ከዚያ በኋላ የቀረው የግራ ክንዴ ብቻ ነበር።

«ይሄ ጥቁሩስ?»

«እሱ… በቅርቡ የመጣ ነው።»

«ሹመት ነው!» አለች ጎረቤቲቱ። «ምን ትጠይቂዋለሽ? ጥቁር የሚለብስ ማነው? የደብር አለቃ ካባው ጥቁር፣ የድሮ ባላባት በርኖሱ ጥቁር።»

እውነቷን ነው፤ በኛ አገር የዚያን ጊዜ ጥቁር የክብር ነበር። ሐዘንተኛ ፀጉሩን ይላጫል፣ ነጠላውን ይገለብጣል እንጂ ጥቁር ጨርቅ ክንድ ላይ ማሰር የሚባል ነገር ማን ያውቃል? አንቺ ዛሬ አድርገሽው ስትገቢ የሞተ ሰው እንዳለ ሰፈሩ ሁሉ ገብቶታል። እትዬ የሽመቤት ግን ያዩት የማዕረግ ጨርቅ ነው።

«አንተነህስ አግኝቷል?»

«ጓደኞቹ ሁሉ አስረናል» አልሁ።

«ልጄ!» ብለው ብድግ አሉ። ጓዳ ገብተው የሟቹን ባላቸውን በርኖስ ይዘው ወጡ። የሚከበር ልብስ ነበር፤ ለክርስትናና ለሰርግ ካልሆነ ከሣጥን አይወጣም። ጎረቤቲቱ «ኧረ አብደሻል!» እስክትል ድረስ ከጫፉ ላይ በቢላ ቀደዱ። «የናንተ ሸራ ነው፣ ይበጣጠሳል። የሱ ከአባቱ በርኖስ ይሁንለት፤ አባቱ ባይኖር ክንዱን ይያዝለት።» መርፌ አመጡና ቁራጩን በእኔ ክንድ ለኩ። ትንሽ አሰቡ። ከዚያ፣ «የሱ ካንተ ይወፍራል» ብለው ሁለት ጣት ጨመሩበት።

እንዴት እንደሰፉት ልነግርሽ አልችልም። ጠርዙን ሁለት ጊዜ አጥፈው፣ ክሩን በጥርሳቸው እየበጠሱ፣ እያዜሙ። አንተነህ ሲበላ የሚያዜማት ያቺው ዜማ ናት፤ ከሳቸው የወረሳት ኖሯል። ሲጨርሱ በሁለት እጃቸው ሰጡኝ። በሁለት እጄ ተቀብዬ ጉልበታቸውን ሳምሁ። «ራስህ እሰርለት» አሉኝ።

ጎህ ሲቀድ ውሻው ጮኸ። አያ ካሴ ከሽማግሎቹ ጋር፣ ከኋላ ሴቶቹን አስከትለው አጥሩ ዘንድ ቆመዋል። እትዬ የሽመቤት በሩን ከፍተው፣ «እንዴት አደራችሁ! ምነው በጠዋት?» አሉ። አንድም ሰው እግዚአብሔር ይመስገን አላለም። ሽማግሎቹን አንድ በአንድ አዩ። ከዚያ ዞረው እኔን አዩ፤ ትከሻዬን አይደለም፣ አዝራሬን አይደለም፣ ፊቴን።

«የሽመቤት፣ ጽኚ» አሉ አያ ካሴ።

የዚያን ጩኸት ነገር ተይኝ። ሴቶቹ ደርሰው ያዟቸው፤ ባይይዟቸው ኖሮ አያ ካሴ የፈሩት ይሆን ነበር። ረፋዱ ላይ ለቅሶው ሜዳ ወጣ። በጎጃም ሬሳው የሌለ ሰው በልብሱ ይለቀሳል። ኮቱን ከቦርሳው አውጥቼ ለአያ ካሴ ስሰጥ እትዬ የሽመቤት ቦርሳውን ለዩት። «በጀርባዬ ነው የመጣው? እኔው ነኝ አዝዬ ያመጣሁት?» አሉኝ። አዎ አልሁ። አልቃሽ ተጠርታ ነበር፤ አላስጠጓትም። ኮቱን ራሳቸው ይዘው ለሕዝቡ እያሳዩ፣ ትናንት የነገርኋቸውን ዕቃ ሁሉ አንድ ሳያስቀሩ እየጠሩ አለቀሱ፤ አዝራሩን፣ ገመዱን፣ ጣራውን። ከግጥማቸው ዛሬም አንዱ አልጠፋኝም።

የትከሻው ማሰሪያ ስንቅ መያዣ ነው አሉኝ፣
ስንቁን እኔ ልያዝ ልጄን አምጡልኝ።

ወንዱ ሁሉ ጋቢውን ፊቱ ላይ ጣለ። እኔ ጊዜ ለማስረዘም ያወራሁት ነገር የአንተነህ ለቅሶ ሆነ። ሃምሳ አለቃው ይህንን ቢያዩ ምን ይሉ ይሆን እያልሁ ቆምሁ።

ከበርኖሱ የተቆረጠውን ጨርቅስ ምን አደረጉት ብዬ አባባን ጠየቅኳቸው።

«መለስሁላቸው» አሉኝ አባባ። «አላሰሩትም፣ አልጣሉትም። ለቅሶው ሲያበቃ ስፌቱን በጥርሳቸው ፈትተው መልሰው በርኖሱ ጫፍ ላይ ሰፉት። ከዓመታት በኋላ ሄጄ አይቼዋለሁ፤ ስፌቱ ጠባሳ ይመስላል።»

ፈቃዴ ሲያልቅ (ቀጠሉ አባባ) እስከ ጅጋ ሸኙኝ። ራሳቸውን ተላጭተው፣ ነጠላቸውን ገልብጠው፣ በባዶ እግራቸው። መንገድ ዳር ቆመን መኪና ስንጠብቅ ብርድ ነበረና ኮቴን ይቆልፉልኝ ጀመር። አንዱን አዝራር ሲቆልፉ የዕቃውን ስም ይጠራሉ፤ ማሰሪያውን ያቃናሉ፣ ስሙን ይጠራሉ፤ ገመዱን ያስተካክላሉ፣ «የፈረስ» ይላሉ። ትምህርታቸውን የሚያሰሙ ተማሪ ይመስላሉ። የግራ ክንዴ ዘንድ ሲደርሱ እጃቸው አየር ላይ ቆመ።

«ይሄ የምን እንደሆነ ገብቶኛል» አሉኝ። «ግን አንተ በአፍህ ስሙን አትንገረኝ። እኔ ለልጄ ሹመት ነው የሰፋሁለት።»

ወደ ቡሬ የሚሄድ የጭነት መኪና አቧራ ታየ። ክንዴን ሳይነኩ ግንባሬን ስመው ለቀቁኝ።